«ለጊዜው» ስንት ዝናብ ነው?

በ1999 ዓ.ም አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ «ስማ፣ የነዳጅ ሥራ ልታስቆም ስትሄድ የምታወራው ስለ ነዳጅ አይደለም፣ ስለ ውኃ ነው» ቢለኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ማንም አላለኝም። የነገሩኝ ስለ ቃለ ጉባኤና ስለ ማኅተም ነው።

ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም ሶማሌ ክልል፣ ኦጋዴን ውስጥ፣ አቦሌ ላይ የደረሰውን ብዙው ሰው ያስታውሳል። የነዳጅ ፍለጋ ካምፑ ንጋት ላይ ተጠቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገደሉ። የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ያደረግኩት እኔ ነኝ አለ። እኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ፣ ከቀብሪ ደሃር ወዲያ፣ ሳይስሚክ የሚሠራ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ድማሚት አፈንድቶ በንዝረቱ ነዳጅ የሚፈልግ ቡድን ውስጥ። የሥራ መደቤ «የማኅበረሰብ ግንኙነት ኦፊሰር» ይባላል። ስሙ ነው ትልቅ። እኔ ሶማልኛ የምችል የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። እሱም የድሬዳዋ ሶማልኛ ነው፤ ኦጋዴን ውስጥ አፌን ስከፍት ሕፃናቱ ይስቁብኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ሥራው «ለጊዜው» ይቆማል፣ ከአካባቢው ባህላዊ መሪ ጋር ተስማምታችሁ፣ አስፈርማችሁ ውጡ። ሁለት አንቀጽ ነበር። ቀን የለውም።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ኬብሉና ንዝረት የሚያዳምጠው ጂኦፎን በአራት ቀን ተጠቀለለ። የጎደለውን ብርቱካናማ ገመድ እረኛ ልጆች ለፍየል ማሰሪያ አድርገውት አገኘን፤ በብስኩት ተለዋወጥን። ድማሚቱ ተቆጥሮ ለመከላከያ በፊርማ ተሰጠ። ይኼ ላይ አንድ ሌሊት እንኳ አትደሩ። ለመስመር የተቆረጠው ግራር ካሳ ቀድሞ ተከፍሎ ነበር። የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ግን አጣላን። ፋይናንስ «ስምምነቱ ሳይፈረም ክፍያ የለም» አለ። ሰው ላቡን ያፈሰሰበትን ገንዘብ መያዣ አድርገህ ሽማግሌ ፊት ልትቀመጥ ነው? ሁለት ቀን ሙሉ በሳተላይት ስልክ ጮህኩ። በመጨረሻ ከስብሰባው በፊት ሁሉም አሻራውን አድርጎ ብሩን ቆጠረ። ከዚያ ሁሉ ሥራ የምኮራበት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ኡጋሱ ቀሩ።

ለማያውቅ፣ ኡጋስ የጎሳ መሪ ነው። እንደየጎሳው ገራድ ወይም ሱልጣን የሚባልም አለ። ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም። የሚገዛው በሄር፣ ማለትም በባህል ሕግ፣ ዛፍ ሥር በሚቀመጥ ጉባኤ ነው። የድርጅቱ መመሪያ እኚህን ሰው «ተጽዕኖ ፈጣሪ ግለሰብ» ይላቸዋል። መመሪያውን የጻፈው ሰው ኡጋስ ፊት ቁጭ ብሎ አያውቅም፣ በዚህ እወራረዳለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት አመጣጣችን ነው። አጃቢ ወታደር የጫኑ ሁለት ፒክአፖች ይዘን ደረስን። ያለ አጃቢ መንቀሳቀስ አይፈቀድም ነበር፣ ይገባኛል። ግን መኪኖቹን ርቀን ማቆም እንችል ነበር። ኡጋሱ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ወታደሮቹን አዩ፤ ከዚያ ዙሪያቸውን የተቀመጠውን ሰው አዩ። ያን ጊዜ አልገባኝም። እኚህ ሰው ከእኛ ጋር ተስማሙ ከተባለ ማታ ጫካ ያሉት ይጠይቋቸዋል። በመውጣታችን ደስ አላቸው ከተባለ ደግሞ ጠዋት የመንግሥት ሰው ይጠይቃቸዋል። እኛ የያዝነው ወረቀት «የአካባቢው ማኅበረሰብ የሥራውን መቆም ተቀብሎ ንብረቱን ለመጠበቅ ተስማምቷል» ይላል፤ ከታች ለፊርማቸው ክፍት ቦታ አለው።

ሻይ መጣ፣ የግመል ወተት ያለበት። «ነበድ ሚያ?» ተባባልን። ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ዝናቡ፣ ከብቱ፣ መንገዱ፣ ሁሉም ተጠየቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው ኃላፊ ሰዓቱን ያያል። ወረዳው የመደበው አስተርጓሚ ከኃላፊው በላይ ይቸኩላል።

ኃላፊው ጀመረ። ዓለም አቀፍ ሁኔታ፣ የኢንሹራንስ ግዴታ፣ ለጊዜው፣ ለጊዜው፣ ለጊዜው። ኡጋሱ እስኪጨርስ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አድርገው እንዲህ አሉ።

«አሜሪካኖቹ ካሉብ ላይ ጋዝ አገኙ፣ ሄዱ። ሩሲያኖቹ መጡ፣ ቆፈሩ፣ ሄዱ። ሁሉም ለጊዜው ብለው ነው የሄዱት። እኔ ቁሙ አልላችሁም፣ ሂዱም አልላችሁም። ሊስተሩስ?»

ሊስተሩ ማለት የውኃ ጉድጓዱን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈረው ድርጅቱ ነው፣ ለካምፑና ለቁፋሮው። ግማሹ ውኃ ግን በገንዳ ለሰዉና ለከብቱ ይወርድ ነበር። ሁለት ዓመት እንደዚያ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰዉ ቢርካውን ረሳው። ቢርካ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ነው፤ በየዓመቱ ደለሉ ካልተጠረገ ዋጋ የለውም። ሞተር እያለ ማን ደለል ይጠርጋል?

ኃላፊው ሳያቅማማ መለሰ። «ለጥገና ይሄዳል። ሦስት ወር።»

እኔ ማታውን ከድርጅቱ የመጣውን መልእክት አይቻለሁ። ፓምፑ፣ ሞተሩ፣ ቧንቧው፣ ሁሉም ተነቅሎ ድሬዳዋ መጋዘን ይግባ ነው የሚለው። ጥገና የሚል ቃል የለውም። አስተርጓሚው «ሦስት ወር» ብሎ አስተላለፈ። ኡጋሱ በጣታቸው ቆጠሩ። ሦስት ወር ሲቆጠር ሐጋ ውስጥ ይወድቃል፣ ደረቁ ወቅት። በዚያ ወቅት ማንም አይመጣም ብለው መሰለኝ። አስተርጓሚውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አዴር፣ እስከ ዴይር ማለታቸው ነው?»

አዴር አጎት ማለት ነው። ታናሹ ታላቁን አዴር ይላል፣ ታላቁም መልሶ ታናሹን አዴር ይለዋል። ዴይር በእኛ ጥቅምት አካባቢ የሚመጣው ዝናብ ነው። ሽማግሌው ኃላፊውን አልጠየቁም፣ እኔን ጠየቁኝ። ሶማልኛዬ የሚያስቀውን፣ ግን ደሞዝ ያስከፈልኩትን።

«አዎ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ኃላፊው እያየኝ ነበር። ፀሐዩ ነበር። መውጣት ፈልጌ ነበር። ሁሉም ሰበብ ነው። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር፤ በሶማልኛ ሁለት ቃል ነው።

ወረቀቱን አልፈረሙም። «ንብረት የሚጠብቅ ጠመንጃ ያለው ነው፣ እኔ ያለኝ ዱላ ነው» ብለው ሳቁ። ኃላፊው ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸውን «በተገኙበት» ብሎ አስገባው፤ ወረዳው ማኅተም መታበት። ይኼን መኪና ውስጥ ነው ያየሁት። ተናደድኩ፣ ዝም አልኩ። በዚያ ቀን ሁለተኛው ዝምታዬ ነው።

በማግስቱ ፓምፑ ተነቀለ። ክሬኑ ቧንቧውን ከጉድጓዱ እየመዘዘ ያወጣል፤ አንድ ቧንቧ፣ ሌላ ቧንቧ፣ እርጥብ እርጥቡን። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በሰልፍ እንደቆሙ ያያሉ። ሰልፉን አልበተኑም። ከቧንቧዎቹ የሚንጠባጠበውን አንዷ በጣሳ ተቀበለች። በመጨረሻ የጉድጓዱ አፍ ላይ የብረት ላሜራ ተበየደ። ኡጋሱ መጡና መዳፋቸውን ብየዳው ላይ አደረጉ። ቶሎ አነሱት። «ትኩስ ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

እነዚያ ዕቃዎች ተጭነው ድሬዳዋ ገቡ፣ ዝገው ቀሩ። ድርጅቱ ከዚያ አካባቢ ዳግም አልሠራም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መንግሥት በኦብነግ ላይ ዘመቻ ጀመረ፤ የንግድ መኪና መንገድ ተዘጋ፣ የውኃ ቦቴም አብሮ ቀረ። ዴይር መጣ፣ ሊስተሩ አልመጣም። በጂላል፣ በትልቁ ደረቅ ወቅት፣ የቀድሞ ጥበቃችንን ጅጅጋ ገበያ ላይ አገኘሁት። ቢርካው ደለል እንደሞላው ነገረኝ። «ሞተሩ ይመለሳል ስለተባለ ማን ይጠርጋል?» አለ። ከብታቸውን ነድተው ወደ ዋቢ ሸበሌ ወርደዋል። ስንት ፍየል እንደሞተ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዓመታት በኋላ ስለ ኩዌት ሳነብ ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። ቡርጋን ላይ ነዳጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በ1942 ጀርመኖች ይደርሱበታል ተብሎ ጉድጓዶቹ በሲሚንቶ ተደፈኑ። የኩዌቱ ገዥ ሼክ አሕመድ አል ጃቢር ነዳጅ አላቸው፣ የሚሸጥ ነዳጅ ግን የላቸውም። የመጀመሪያው መርከብ ነዳጅ ጭኖ የወጣው በ1946 ነው። ኳታር የባሰ ነው። ዱኻን ላይ የተገኘው ነዳጅ በዚያው በ1942 ተዘጋ፤ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው በ1949 መጨረሻ ነው። የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁ ቀድሞ ይኖሩበት የነበረውን የዕንቁ ገበያ ስለገደለው ስንቱ ሰው አገሩን ጥሎ ተሰደደ። እዚያም «ለጊዜው» ነበር የተባለው። ልዩነቱ፣ ሼኮቹ በእጃቸው ውል ነበራቸው። የእኔ ኡጋስ የነበራቸው የእኔ «አዎ» ብቻ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሰጠው ሰው ካለ ይስማኝ። መመሪያው «ሁሉን በጽሑፍ አድርግ፣ አስፈርም» ይላል። እኔ አታስፈርም እላለሁ። በጦርነት መሀል የሽማግሌ ፊርማ ለአንተ ፋይል ነው፣ ለእሳቸው ክስ ነው። ወረዳ ሂድ፣ ማኅተምህን ተቀበል፣ ግን መጀመሪያ ኡጋሱ ዘንድ ግባ፤ እኛ በተቃራኒው ነው ያደረግነው። ቋንቋውን የምታውቅ ከሆነ ራስህ ተናገር፣ ቢስቁብህም። ቀን ከሌለህ ቀን የለኝም በል። ወር ስጥ ቢሉህ ተጠንቀቅ፤ አንተ ወር ስትል እሳቸው ዝናብ ይሰማሉ፣ ከብት የሚነዳው በዚያ ነው። ፓምፑን ደግሞ ተወው። ለምነህ፣ ዋሽተህ፣ «ተበላሽቷል፣ ለትራንስፖርት አይበቃም» ብለህ ሪፖርት ጽፈህም ቢሆን ተወው። መዋሸቴ ካልቀረ ምናለ ለአዲስ አበባ በዋሸሁ።

በሰኔ 2010 ዓ.ም ኦጋዴን ውስጥ በቀን 450 በርሜል የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ መውጣት ተጀመረ ሲባል በቴሌቪዥን አየሁ። ጥቅምት 2011 ዓ.ም መንግሥትና ኦብነግ አስመራ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈራረሙ። መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ በራሴ ገንዘብ፣ በሚኒባስና በአይሱዙ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ኡጋሱ ሞተዋል። ልጃቸው ተሹሟል፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ላሜራው እዚያው አለ፤ ልጆች ቁጭ ብለውበት ድንጋይ ይጫወታሉ። ከዛፉ ሥር አስቀመጡኝ። «ነበድ ሚያ?» ተባባልን። ዝናቡን፣ ከብቱን፣ መንገዱን ጠየቀኝ፣ አንድም ሳይቀር፣ እንደ አባቱ። ሻዩ ሲቀዳ ፈገግ አለና ጠየቀኝ።

«አዴር፣ ሊስተሩን አመጣህ?»

አላመጣሁም አልኩት። ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ።