ግድግዳው ውስጥ ያለው ልጅ

የሞባይል ጌም ውድድር ነው፤ አራተኛው ጨዋታ ላይ ነን። ከ16ቱ ስኳድ (አራት አራት ሰው ያለው ቡድን) አምስት ቀርተዋል፤ ዞኑ፣ ማለትም መጫወቻው ክልል፣ ጠቧል። እኔ የታዛቢውን ስልክ ይዤ ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው እዘላለሁ። አንዱ ልጅ ጋ ስደርስ ስክሪኑ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ቤት ውስጥ አይደለም፣ ውጭም አይደለም፤ ግድግዳው ውስጥ ነው። የእሱ ጥይት ይወጣል፣ ወደ እሱ የሚተኮሰው ግን ግድግዳው ላይ ይቀራል። በጠዋት ሚኒባስ ከአዳማ የመጡት አራት ልጆች ከየት እንደተመቱ እንኳ ሳያውቁ ተራ በተራ ወደቁ።

ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። ያንን ግድግዳ አውቀዋለሁ።

በሥራ ቀን ኔትወርክ እዘረጋለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የሞባይል ጌም ውድድር ላይ ዳኛ ነኝ። የጨዋታውን ስም ልተወው። 64 ሰው ከአውሮፕላን ዘሎ አንድ ቡድን እስኪቀር የሚታኮስበት ነው ካልኩ ይበቃል፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ አጠገባችሁ የቆመው ልጅ ሳይጫወተው አይቀርም። አዳራሹ ሃያ ሁለት አካባቢ ነበር። መብራት ቢጠፋ ብለን ጄኔሬተር፣ ኢንተርኔት ቢቆራረጥ ብለን ሁለተኛ መስመር አዘጋጅተናል። ስለ ባግ፣ ጨዋታው ራሱ ውስጥ ስላለ ስህተት፣ ግን ያሰበ አልነበረም። ማለቴ፣ አንድ ሰው አስቦ ዝም ብሏል።

ከውድድሩ በፊት ሐሙስ ማታ ቴሌግራም ላይ አጭር ቪዲዮ አየሁ። መኪና ከአንድ ቤት ግድግዳ ጋር አጣብቀህ አቁመህ በግድግዳው በኩል ስትወርድ፣ ጨዋታው የት እንደሚያስቀምጥህ ይጠፋበትና ግድግዳው ውስጥ ይተውሃል። ቤት ገብቼ ሞከርኩት፤ በሦስተኛው ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከአምበሎቹ ጋር ስንሰበሰብ ልናገር ብዬ አፌ ድረስ መጣና ዋጥኩት። ብናገር ማስተማር ነው፤ የማያውቁት 15ቱ ስኳድ ሁሉ ሊሞክሩት ነው ብዬ አሰብኩ። አሁንም ቢሆን ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ሞኝነት ነበር አልልም።

ጨዋታው ሲያልቅ አንደኛ የወጡት ባለ ግድግዳዎቹ ናቸው፤ ከነ 9 ኪላቸው፣ ማለትም 9 ሰው ገድለው። ጩኸቱን መግለጽ አልችልም። የቡድኑን አምበል ጠራሁት። ከሃያ ዓመት አይበልጥም፣ ፊቱ ላይ እፍረት የሚባል የለም።

«ብሮ፣ ስልኬን ፈትሽ። ምንም የጫንኩት ነገር የለም። ጨዋታው ራሱ ነው ያስገባኝ። ደንባችሁ ላይ የት ጋ ነው የተከለከለው?»

ደንቡን አወጣሁ። «ቺት ወይም ሃክ የተጠቀመ ቡድን ይሰረዛል» ይላል፣ በቃ። ስለ ምሳ ኩፖን አራት መስመር ጽፈናል። ሃክ ማለት ደግሞ ማንም እንደሚያውቀው ከውጭ የመጣ ፕሮግራም ነው፤ ልጁ የተጠቀመው ግን ሁሉም ሰው እጅ ላይ ያለውን ያንኑ ጨዋታ ነው። ነውር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል፤ ግን ነውርን በየትኛው አንቀጽ ትቀጣለህ?

ትዝ ያለኝ ካውንተር ስትራይክ የሚባለው የኮምፒውተር ተኩስ ጨዋታ ታሪክ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ስዊድን ውስጥ በድሪምሃክ ውድድር፣ ፍናቲክ የሚባለው ቡድን በሩብ ፍጻሜ እየተመራ ሳለ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ መቆም የማይቻልበት ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሳይታይ ማዶውን ሁሉ እያየ ጨዋታውን ገለበጠው። አዘጋጆቹ በመጀመሪያ ግማሹ ይደገም አሉ። ተጋጣሚው ኤልዲኤልሲም ያልተፈቀደ ቦታ መጠቀሙ ሲታወቅ ሙሉው ይደገም ተባለ፤ ፍናቲክ ግን ጥሎ ወጣ። እዚያ ያሉት ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ ይደገም ማለት ይቻላል። እኛ ጋ ግን ዞኑ በዕጣ ነው የሚወርደው። ደግመን ብንጀምር ሌላ ጨዋታ ነው የሚሆነው፤ በሐቅ ሁለተኛ የወጣው ስኳድ ያለ ጥፋቱ ድካሙን ያጣል።

ከአለቃዬ ጋር ጓሮ ወጥተን አንድ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቅን። እኔ ይሰረዙ አልኩ፤ እሷ «ያልጻፍከውን ሕግ ከየት አምጥተህ?» አለችኝ። አዳራሹን የተከራየነው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ ጄኔሬተሩ ይጮኻል። በመጨረሻ የባለ ግድግዳዎቹን የአራተኛውን ጨዋታ ነጥብ ዜሮ አድርገን ሌሎቹን አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አደረግን። በእኛ አቆጣጠር አንደኛ 10፣ ሁለተኛ 6፣ ሦስተኛ 5፣ አራተኛ 4 ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪል 1 ይጨመራል። አዳማዎቹ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ከፍ አሉ። አንድ ነጥብ!

ማታ ሲደመር ለሦስተኛው ሽልማት 2 ነጥብ ጎደላቸው። ከግድግዳው ባይተኮስባቸው ኖሮ መሐል ዞን ላይ ነበሩ፤ አንድ ደረጃና አንድ ኪል ይበቃቸው ነበር። የሞተን ቡድን ወረቀት ላይ ከፍ ልታደርገው ትችላለህ፤ ሳይሞት ቢቀር ምን ይሠራ እንደነበር ግን የሚያውቅ የለም።

አምበላቸው ዝምተኛ ልጅ ነው። ሁሉም ሲበተን ቻርጀሩን እየጠቀለለ ጠጋ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ይህን ነገር ያውቁት ነበር?»

ጋሼ ብሎኝ የሚያውቅ ተጫዋች አልነበረም። በፈረንጆቹ 2020 የካውንተር ስትራይክ አሠልጣኞች ካሜራቸው አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ ተጋጣሚን የሚያሳያቸው ባግ ተገኝቶ 37ቱ ተቀጥተው ነበር። ያኔ ስንቱን ሰድቤያለሁ! አይታችሁ ለምን ዝም አላችሁ ብዬ። ጥፋቱን አምኖ ለተናገረው ቅጣቱ ሲቀልለት እንኳ ተናድጄ ነበር።

«አውቅ ነበር» አልኩት። «ከሐሙስ ጀምሮ።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሚቀጥለው ውድድር ደንቡን እንደ አዲስ ጻፍኩ። የሚታወቀውን ባግ ሁሉ ጠዋት ላይ በፕሮጀክተር እናሳያለን፤ ሳያውቅ የገባ ሳይተኩስ ይወጣል፣ መውጣት ካቃተው እጁን አንሥቶ ዳኛ ይጠራል፤ ከውስጥ አንድ ጥይት የተኮሰ ቡድን የዚያን ጨዋታ ነጥብ ያጣል፣ ሁለተኛ ከደገመ ከውድድሩ ይወጣል። ግድግዳውን ሳሳይ እንደ ፈራሁት ሳቅና ሹክሹክታ ሆነ። ባለ ግድግዳው አምበልም መጥቶ ነበር። እጁን አነሣና «ብሮ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ድንጋይ ረሳኸው» አለ። እሱን አላውቀውም ነበር። ፊት ለፊታቸው ሞከርኩት፤ በሁለተኛው ድንጋዩ ውስጥ ገባሁ።

አዳማዎቹ አልተመዘገቡም። ደወልኩላቸው። ፈተና አለብን አሉኝ፤ ወሩ ጥቅምት ነው።