ታሪፉን ለጊዜው ተዉትና ሌላውን ገጽ እንግለጥ

የሁለት አገር ነፃ የንግድ ስምምነት ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚያናድደኝ ነገር አለ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) ላይ ብቻ ነው የሚነታረከው። አንዱ ቀረጥ ከተነሳ ዕቃ ይረክሳል ኤክስፖርት ያድጋል ይላል፣ ሌላው ገበሬው አለቀለት ይላል፣ ሁለቱም ያሉት ነገር ውስጥ እውነት አለ። ግን እኮ ሰነዱ በመቶዎች የሚቆጠር ገጽ ነው! የመድኃኒት ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለ፣ የመንግሥት ግዢ አለ፣ የውጭ ኢንቨስተር መንግሥት የስምምነቱን ግዴታ ጥሶ አከሰረኝ ካለ በዓለም አቀፍ ግልግል ዳኝነት የሚከስበት ምዕራፍም አለ፣ እሱን ማን ያነበዋል?

የደቡብ ኮሪያንና የአሜሪካን ስምምነት ብናይ ይገባናል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 2007 ላይ ተፈረመ፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን 2012 ነው። በመሃል ያልሆነ ነገር የለም። 2008 ላይ የፕሬዚዳንት ሊ ምዩንግ ባክ መንግሥት የአሜሪካ የበሬ ሥጋ እንዲገባ ሲፈቅድ ሕዝቡ የእብድ ላም በሽታን ፈርቶ ሻማ ይዞ ሴኡል አደባባይ ወጣ፣ ሰልፉ ለሳምንታት ቀጠለ፣ ፕሬዚዳንቱም ይቅርታ ጠየቁ።

ለፓርላማ ሰዎች ሁሌ የሚነገራቸው "ተፈርሟል፣ ወይ አጽድቁት ወይ ጣሉት፣ አንቀጽ መነካካት የለም" የሚል ነው። የአሜሪካ መኪና አምራቾች ሲጮሁ ግን ያው የተፈረመው ሰነድ 2010 ላይ ተከፍቶ የመኪናው ክፍል እንደገና ተደራደሩበት። ታዲያ ለፋብሪካ የሚከፈት ሰነድ ለተመራጭ የሚዘጋው ለምንድነው? በዚህ ላይ 2011 ላይ የኮሪያ መንግሥት ራሱ የኮሪያኛው ትርጉም ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስህተቶች አገኘ፣ ያውም ተፈርሞ ዓመታት ካለፉ በኋላ። ሰው በራሱ ቋንቋ በትክክል ያልተጻፈለትን ነገር እንዴት ብሎ ነው የሚከራከርበት?

በዛው ዓመት ኅዳር ወር ገዢው ፓርቲ ሳይታሰብ ስብሰባ ጠርቶ 151 ለ 7 አስጸደቀው፣ አንድ የተቃዋሚ እንደራሴ አዳራሹ ውስጥ አስለቃሽ ጭስ አፈነዳ። ጭሱን አልደግፍም፣ በፍጹም። ግን ተቃዋሚዎቹ አጥብቀው የያዙት አንዱ ነጥብ ያ ማንም የማያነበው የግልግል ምዕራፍ እንደነበር ብዙ ሰው ረስቶታል፣ የሚታወሰው ጭሱ ብቻ ነው።

ታሪፉስ? 2018 ላይ ስምምነቱ እንደገና ተነካካና አሜሪካ በፒክአፕ ላይ ያላት 25 በመቶ ቀረጥ እስከ 2041 ተራዘመ፣ 2025 ላይ ደግሞ ስምምነቱ እያለ አብዛኛው የኮሪያ ዕቃ ላይ 15 በመቶ መጣ። ያ ሁሉ ሰው የተጣላበት ታሪፍ ዋሽንግተን ስትፈልግ ይለወጣል ማለት ነው። የግልግሉ ምዕራፍ ግን ሠርቷል። ኤልየት የሚባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ፈንድ፣ የኮሪያ መንግሥት በሁለት የሳምሰንግ ኩባንያዎች ውህደት ውስጥ እጁን አስገብቶ አክስሮኛል ብሎ በዚሁ ስምምነት ኮሪያን ከሰሰ፣ 2023 ላይ ግልግሉ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፈሉ ብሎ ፈረደ፣ ኮሪያም ውሳኔው ይሻርልኝ ብላ ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደች።