ከታጁራ ወደ ሐይቅ፦ የቤተሰባችንን ሞተር ጀልባ በደጋ ውሃ ላይ እንዴት እንደያዝናት

ጅቡቲ በነበርኩባቸው ዓመታት የአንድ ቤተሰብ የመዝናኛ ጀልባ መካኒክም ሾፌርም ነበርኩ። ዓርብ ሲደርስ ቤተሰቡን ጭኜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳሉት ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች እሄዳለሁ፤ በቀሩት ቀናት ሞተሩን፣ ባትሪውንና የጀልባዋን ሆድ ስከባከብ እውላለሁ። ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ ለራሴ ቤተሰብ አነስ ያለች ጀልባ ይዤ መጣሁ። ስድስት ሜትር ርዝመት ያላት የፋይበርግላስ ጀልባ ናት፤ ከፊቷ ልጆች ከፀሐይ የሚጠለሉባት ጠባብ ክፍል፣ ከኋላዋ ደግሞ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት። በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ በኩል በጭነት መኪና ተጭና ነው የመጣችው። ዛሬ የምትንሳፈፈው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው፣ ስሙም ሐይቅ በሆነው ሐይቅ ላይ ነው።

ሰዎች ሲያገኙኝ «ጨው የሌለበት ውሃ ለሞተር ይቀላል አይደል?» ይሉኛል። በአንድ በኩል እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለባሕር ጠረፍ የተዘጋጀችን ጀልባ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ማንሳፈፍ የራሱ ሥራ አለው። ከጅቡቲ ይዤው የመጣሁትን ልማድ አንድ በአንድ እያነሳሁ የቱ ይቀጥል፣ የቱ ይቀየር እያልኩ መመርመር ነበረብኝ።

ከአየሩ ልጀምር። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ አየርም ይፈልጋል፤ ደጋ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ላይ 40 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 32 ይወርዳል። የእኛ ሞተር ፎር ስትሮክ ሆኖ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚመጥን ስለሆነ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። ካርቡራተር ያለው ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ለስሱ አየር እየበዛ ካንዴላውን ያጠቁረው ነበር፤ እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጂግለር ቀዳዳው ጠበብ ባለ መቀየር አለበት። ኮምፒውተሩም ቢሆን ግን የሌለ አየር አይፈጥርም። ቤተሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስሰጠው ሞተሩ አምራቹ ካስቀመጠው የዙር መጠን፣ ማለትም በደቂቃ ከ5000 እስከ 6000፣ በታች ይቀር ነበር። ይህ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት በአራተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ነው፤ መኪናው ይሄዳል፣ ግን ሞተሩ ይታመማል።

መፍትሔው ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋው ፕሮፔለር ላይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮፔለር በአንድ ዙር ምን ያህል ወደፊት እንደሚገፋ የሚነግር በኢንች የተጻፈ ቁጥር አለው። ከዚያ ቁጥር አንድ ኢንች ሲቀነስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል። እኔ ሁለት ኢንች ያነሰውን አስመጣሁ። ፍጥነቷ ከጅቡቲው ጊዜ ቢያንስም ሞተሩ ቀለል ብሎት መዞር ጀመረ፤ ጀልባዋም አፍንጫዋን ቶሎ ዝቅ አድርጋ ውሃው ላይ መንሸራተት ቻለች። ጀልባ ወደ ደጋ ሐይቅ ለሚያመጣ ሰው ሁሉ የምለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ትልቅ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ፕሮፔለሩን ለውጥ።

ቀጥሎ ውሃው ነው። ጨዋማ ውሃ ከጣፋጩ ውሃ ከ2 እስከ 3 በመቶ ስለሚከብድ ጀልባዋ እዚህ ትንሽ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ዕቃ ስንጭን ይህን እናስባለን። ዋናው ለውጥ ግን ከሞተሩ ሥር የሚታሰሩት ብረቶች ናቸው። እነዚህ ብረቶች ሥራቸው በሞተሩ ፋንታ መበላት ነው፤ ውሃ ውስጥ ዝገቱ ወደ እነርሱ ይሄድና አሉሚኒየሙ ይተርፋል። ለባሕር የሚሆነው ዚንክ ነው። ዚንክ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ ሲቆይ በላዩ ላይ ልባስ ያበጅና ሥራውን ያቆማል። ከላይ ሲታይ ሳይበላ የቆየ ስለሚመስል ያሳስታል፤ በእሱ ፋንታ ሌላው ብረት እየተበላ ሊሆን ይችላል። ለሐይቅ ማግኒዚየም ነው የሚታሰረው። ማግኒዚየም ደግሞ ባሕር ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለቱን ማቀያየር አይቻልም።

ጅቡቲ በነበርኩ ጊዜ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ ግዴታ ነበር፤ ጨው ውስጡ ከደረቀ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚያልፍባቸውን ቀዳዳዎች ይዘጋል። እዚህ ጨው የለም፣ ግን ዳርቻው ላይ ጭቃና አልጌ ስላለ ልማዱን አልተውኩትም። ልጆቼም ሞተሩ እንደተነሳ ከጎኑ የሚፈናጠረውን ቀጭን ውሃ ያያሉ። ውሃው ከቀጠነ ወይም ከቆመ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ትንሹ ልጄ ሳይቀር ይህን የማዘዝ መብት አለው። ውሃውን የምትስበዋ ከጎማ የተሠራች ትንሽ ባለ ክንፍ መዘውር ናት፤ ባትሰበርም በየዓመቱ እቀይራታለሁ።

ሰው ስለ ሞተር ሲያወራ መንገዱን ይረሳል። ለእኛ ከውሃው ይልቅ ከባዱ መንገዱ ነው። ጀልባዋ የምታድረው ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ሐይቅ ለመድረስ ሐረጎን ወጥታ፣ ደሴን አቋርጣ፣ ከዚያ እንደገና ትወርዳለች። የተጫነችበት ተጎታች ቁልቁለቱን ሲጨርስ ጎማዎቹ የሚዞሩባቸው ኩሽኔታዎች ይግላሉ። የጋለ ኩሽኔታ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን መከላከያ በሆነው ጎሚኒ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶው ይበላሻል፣ በሚቀጥለው ጉዞም ጎማው መንገድ ላይ ተይዞ አልዞርም ይላል። ስለዚህ ሐይቅ እንደደረስን ተጎታቹን ጥላ ሥር እናቆማለን፣ ባለቤቴ ቡና ታፈላለች፣ እጄን ኩሽኔታው ላይ አድርጌ ሲቀዘቅዝ ብቻ ወደ ውሃው እንገፋለን። ግራሶውን በየወቅቱ አወጣና በአዲስ እተካለሁ። በመውጫ ጊዜም በመውረጃ ጊዜም የማስርበትን ገመድ ሁለት ጊዜ እፈትሻለሁ፤ ሐረጎ ላይ የሚላላ ገመድ የሌላውን ሰው ነፍስ ይነካል።

ውሃው ላይ ያስተማሩኝ ሰዎች የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ «አባባ፣ አንቱ መረቡን የት ላይ ነው የሚጥሉት?» ብዬ ብጠይቃቸው ታንኳቸው ላይ እንደተቀመጡ በእጃቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። «ሃይላንዱን ካየህ ራቅ፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሸምበቆው ጎንበስ ማለት ሲጀምር ተመለስ። አብሽር፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። ሃይላንድ የሚሉት መረቡን የሚያንሳፍፈውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። መረብ ፕሮፔለር ላይ ቢጠመጠም የእኔ ሞተር ብቻ ሳይሆን የእሳቸው እንጀራ ነው የሚቆረጠው። ጅቡቲ ላይ ፀሐይን ከኋላ አድርገን የውሃውን ቀለም እያየን ከኮራል እንርቅ ነበር፤ እዚህም ያው ዓይን ያስፈልጋል፣ የሚፈለገው ነገር ብቻ ነው የተለየው። ጠዋት ውሃው ጸጥ ያለ ስለሆነ የምንወጣው በጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ለትንሽ ጀልባ ከረጅሙ ሞገድ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው።

መልህቁም ሌላ ሐሳብ ጠይቋል። ሐይቁ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። መልህቅ በደንብ እንዲይዝ ገመዱ ከጥልቀቱ ቢያንስ አምስት እጥፍ መሆን ስላለበት መሃል ላይ መልህቅ ጥሎ መቆም የማይታሰብ ነው። የእኛ 50 ሜትር ገመድ የሚያገለግለው ዳርቻው አጠገብ፣ ከ10 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ላይ ነው። መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ የምንመካው በመቅዘፊያው ነው፤ ስለዚህ ሁለት መቅዘፊያ ሳንይዝ አንወጣም። ነዳጁንም በሦስት ከፍለን አንድ እጅ ለመሄጃ፣ አንድ እጅ ለመመለሻ፣ አንድ እጅ ለመጠባበቂያ እናደርጋለን። ሐይቁ ትንሽ ቢሆንም ይህን ደንብ አላፈረስኩም።

በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ስናልፍ ጋዙን ቀንሰን፣ ራቅ ብለን ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ ዛሬም የጸሎት ቦታ ነው፣ የሞተር ጩኸት አይገባውም። ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ባለቤቴና ሴት ልጄ ባሉበት በዚያ በኩል አንጠጋም፤ የምንሳፈረውም የምንወርደውም በከተማው በኩል ነው። ሌሎች ጀልባዎችም ይህን ቢያከብሩ ደስ ይለኛል።

ይህን በትኩረት ማንሳት የምፈልገው ነው፦ ሐይቁ የሚፈስበት መውጫ ወንዝ የለውም። ባሕር ላይ የፈሰሰን ዘይት ማዕበል ይበትነዋል፤ እንደዚያም ሆኖ ጥፋት ነው። እዚህ ግን የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ሰዎች ደግሞ ከዚያው ውሃ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አጥምደው ይበላሉ። ቱ ስትሮክ ሞተር ከዘይት ጋር የተቀላቀለ ቤንዚን ስለሚያቃጥል ያልተቃጠለው ከጭሱ ጋር ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ፎር ስትሮክ የመረጥኩበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። ነዳጅ የምንሞላው ውሃው ላይ ሳይሆን ተጎታቹ ላይ እያለን ነው። ዘይት የምለውጠው ኮምቦልቻ ግቢዬ ውስጥ ነው፤ አሮጌው በጀሪካን ተጠራቅሞ ለጋራዥ ይሰጣል። ሞተር ያለው ሰው ይህን ካላደረገ ሐይቁ ላይ ባይወጣ ይሻላል፤ በዚህ አላመቻምችም።

ክረምት ሲገባ ጀልባዋ ታርፋለች። አፍንጫዋን ከፍ፣ ኋላዋን ዝቅ አድርጌ የታችኛውን ቡሽ እነቅላለሁ፣ የገባው ዝናብ እንዲወጣ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያዘነበለ ሞተር ውስጡ ውሃ ያስቀራል። የማርሹን ዘይት የማወጣው ያኔ ነው። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ እየገባ ነው ማለት ስለሆነ ጎሚኒው እስከ መስከረም ይቀየራል። ባትሪውን ፈትቼ በየጊዜው እለካዋለሁ፤ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.2 ከወረደ ግን ግማሽ ያህል ስለጎደለ መሙላት አለበት። ቤንዚን ከወር ወር አላስቀምጥም። ሸራውን ስሸፍን በእንጨት ከፍ አደርገዋለሁ፣ አየር ካላለፈበት ውስጡ ይሻግታል። ከዚያ በመፍቻ እጀታ ሞተሩ የተሰቀለበትን የኋላ ግድግዳ ቀስ እያልኩ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ደረቅ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ ከደነዘዘ በፋይበሩ መካከል ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል።

የጀልባ መለዋወጫ ደሴም ኮምቦልቻም አይገኝም። የማይዝጉ ቡሎኖች፣ ፊውዝ፣ የነዳጅ ቱቦና ማጥበቂያ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆች አገኛለሁ፤ የነዳጅ ቱቦ ስገዛ ግን ለቤንዚን የተሠራ መሆኑን ሳላረጋግጥ አልገዛም። የውሃ መሳቢያዋን ጎማ፣ ማግኒዚየሙንና የፕሮፔለሩን ፒን ግን ሁልጊዜ አንድ ትርፍ ይዤ፣ ጅቡቲ በሚመላለሱ ሾፌሮች አስመጣለሁ።

ቤት ውስጥ ሥራው ተከፋፍሏል። ባለቤቴ ዘይት፣ ኩሽኔታና ጎማ የተቀየሩበትን ቀን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ያለ እሷ ደብተር የትኛው መቼ እንደተሠራ አላስታውስም ነበር። ልጆች ላይፍ ጃኬታቸውን የሚለብሱት ጀልባው ላይ ሲወጡ ሳይሆን ገና ዳርቻው ላይ ነው፤ የሚመረጠውም በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፣ ለትንሹ በእግሩ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ነው። የያዘው ሰው ከወደቀ ሞተሩን የሚያጠፋው ገመድ ከነጂው እጅ አይወጣም፣ እኔም ብሆን። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ መሪውን ብቻዋን መያዝ ጠይቃለች። ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩላት፦ የውሃ መሳቢያዋን ጎማ ያለ እኔ እርዳታ ፈትታ ትገጥማለች። ባለፈው ሳምንት ግቢያችን ውስጥ ገጠመችው፣ ውሃውም በደንብ ተፈናጠረ። የቀራት ተጎታቹን ወደ ኋላ እየነዱ ዳርቻው ላይ ማስገባት ነው፤ እሱን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ እየተለማመድን ነን።