ከባድ መኪና በየት በኩል ይለፍ?

መንገድ ሲከለከል መኪናው አይጠፋም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ከባድ መኪና ያስቸገረው ሰፈር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በዚህ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ምልክት ነው። ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ግን ምልክቱ በተተከለ ማግስት ያው መኪና ከጎን ባለው ጠባብ መንገድ ይመጣል፤ እዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት ይኖር ይሆናል። ለእኔ የመጀመሪያው ሥራ የሚፈቀደውን መንገድ ከከተማው መግቢያ እስከ መውጫው ሳይቋረጥ መሳል ነው። ክልከላው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ካርታ ብቻውን ግን አይበቃም። እስቲ አንድ መታጠፊያ ላይ ግማሽ ሰዓት ቁሙ። ተሳቢ ያለው መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማው ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ የኋላው ግን ያንን መስመር አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተሰባብሮ፣ ላዩ ላይ ጥቁር የጎማ ምልክት ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። ሰው መብራት ጠብቆ የሚቆመው እኮ እዚያችው ጥግ ላይ ነው! ሹፌሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ስፖኪዮውን እያየም ቢሆን፣ ከጎኑ ተጠግቶ የቆመ ልጅ ላይታየው ይችላል። ለንደን ይህን ከምር ይዛዋለች። ከ12 ቶን በላይ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌሩ በመስኮቱ በቀጥታ ምን ያህል እንደሚያይ ተለክቶ ከዜሮ እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል፤ ከተማዋ ውስጥ የመንዳት ፈቃዱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

አስፋልቱም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ለሙከራ በተሠሩ መንገዶች ላይ የጭነት መኪኖችን ያለማቋረጥ ነድተው የደረሱበት ነገር ይገርማል፦ አንድ አክሰል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ዘንግ) የሚሸከመው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ብቻ የሚጽፍ ምልክት ግማሹን ነገር ነው የሚናገረው።

«በሌሊት ይግቡ» የሚለውን ሐሳብ ብዙ ሰው ይወደዋል። መንገዱ ክፍት ነው፣ ልጆችም ውጭ የሉም። ግን ቁልቁለት ላይ በማርሽ እየተያዘ የሚወርድ የጫነ መኪና መኝታ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ አጠገቡ የሚኖረውን ሰው ጠይቁት። ለንደን እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ከ18 ቶን በላይ የሆኑትን በብዙ መንገዶቿ ላይ የምትገድበው በተቃራኒው በሌሊትና በሳምንቱ መጨረሻ ነው። እኔም ሌሊቱን ቤት ለሌለበት መንገድ ብቻ ነው የምፈቅደው።

ሹፌሩን ደግሞ እንደ ጠላት አንየው። ለትንሽ መኪና በተሠራ የስልክ ካርታ እየተመራ ዝቅ ያለ ድልድይ ሥር ገብቶ የቀረ ሰው፣ ቀድሞ የነገረው ስላልነበረ ነው። ዕቃውም የግድ ሱቁና ግንባታው ቦታ መድረስ አለበት። ኒውዮርክ ውስጥ የጭነት መኪና ከተፈቀደለት መንገድ የሚወጣው ለመድረሻው በጣም ቅርብ የሆነው መገናኛ ላይ ሲደርስ ነው። ሹፌር ሊይዘው የሚችል ግልጽ ደንብ ይሄ ነው። ምልክቱም መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ያ ሁሉ ጭነት ቀስ ብሎ መስመር ለመቀየር ጊዜ በሚያገኝበት ቦታ ይተከል።