ለሩጫ ብዬ እንቅልፌን የሰረቅሁበት ጊዜ

በ46 ዓመቴ፣ እዚሁ ጎንደር የሁለተኛ ዲግሪ የማታ ትምህርት ስጀምር፣ ዛሬ ያነበብሁት ነገ ከአእምሮዬ እየጠፋ አስቸገረኝ። የሂሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ፤ ከአራዳ ፒያሳ ያለችውን አጭር መንገድ እንኳ በባጃጅ ነበር የምሄዳት። የሄድሁበት ክሊኒክ ባለሙያ ደሜን አስመርምሮ ምንም ስላላገኘ «ዕድሜ ነው» ብሎ ቫይታሚን አዘዘልኝ። ስንት ሰዓት እንደምተኛ ግን አልጠየቀኝም፤ ይህ አሁንም ያበሳጨኛል።

ኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ120 አረጋውያን ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት አነበብሁ። ለአንድ ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ሲራመዱ የቆዩት፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወስ ሥራ ዋና ክፍል በአንጎላቸው ውስጥ 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ጫማ ገዛሁ።

ጥናቱ ስለ እርምጃ ሲናገር እኔ ሩጫን መረጥሁ፤ ጉራ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ድረስ አጥንቼ፣ በ10 ሰዓት ተነሥቼ፣ የጎሃን ዳገት እያለከለክሁ እወጣ ጀመር። ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ፣ ለዓመታት ተቀምጦ የኖረ ሰው ዳገት ሲሮጥ ምን እንደሚሆን ሳንባዬ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። በሦስተኛው ሳምንት ዴቢት የሚመዘገበውን ክሬዲት መዝግቤ በአለቃዬ ፊት አፈርሁ። ይህንም የትጋት ድካም ነው ብዬ ሩጫውን አጠበቅሁት። የማጠቃለያ ፈተናው ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ፣ ሌሊቱን ያነበብሁት ምዕራፍ ርእሱ እንኳ ጠፋኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለመሆኑ መቼ ነው የምትተኛው?» ያለችኝ ባለቤቴ ናት። አንጎል የቀን ትምህርቱን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑን፣ እኔም በአንድ እጄ የምሰጠውን በሌላው እንደምነጥቀው የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ከሥራ ስወጣ በ11 ሰዓት ከግንቡ አጥር ተነሥቼ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ በፈጣን እርምጃ ደርሼ እመለሳለሁ፤ በ4 ሰዓት እተኛለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ግን ጀማሪን በዚህ ቁጥር አላስደነግጠውም፤ በ10 ደቂቃ ይጀምር፣ ሌሊቱን በቅጡ ካልተኛም በማግስቱ ጫማውን አያንሣ እላለሁ። ከወራት በኋላ ያነበብሁት ይቆይልኝ ጀመር፤ ፈተናውንም ደግሜ አለፍሁ። የመጀመሪያው «ኤፍ» ግን ትራንስክሪፕቴ ላይ ዛሬም አለ።