የፒየትሮን ጉዞ ስጽፍ ማዓኒን ያገኘኋት እንዲህ ነው

ሮም ውስጥ አንዲት አዛውንት እንከባከባለሁ። እዚህ ሥራችንን ባዳንቴ ይሉታል። ማታ ሲኞራ ከተኙ በኋላ ያለችው ሰዓት የራሴ ናት። በዚያች ሰዓት የአንድ የድሮ መንገደኛ ሕይወት በአማርኛ ጻፍኩ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ግማሹ ጊዜ ያለቀው በተሳሳተ መንገድ ስሄድ ነው።

ሰውየው ፒየትሮ ዴላ ቫሌ ይባላል። በ1586 እዚሁ ሮም ከትልቅ ቤተሰብ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። የወደዳት ሴት ሌላ አገባችና ሕይወቱን ሊያጠፋ እስከማሰብ ደረሰ። ማሪዮ ስኪፓኖ የሚባል የኔፕልስ ሐኪም ወዳጁ ወደ ኢየሩሳሌም ሂድ ብሎ መከረው። በ1614 ከቬኒስ ተሳፈረ። ቤቱ የተመለሰው በ1626 ነው። በመሀሉ ቁስጥንጥንያን፣ ግብጽን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ባግዳድን፣ ፋርስንና ሕንድን አየ። ያየውንም ለስኪፓኖ በደብዳቤ ጻፈለት።

እኔም ከደብዳቤዎቹ ጀመርኩ። የድሮ እትሞቻቸው ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ጣልያንኛው ነው። እኔ የማውቀው የገበያና የፋርማሲ ጣልያንኛ ሲሆን የሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ግማሽ ገጽ ይሄዳል። በዓይኔ ብቻ ሳነብ ይጠፋብኝ ነበር። ጮክ ብዬ ማንበብ ስጀምር መንገዱ ተከፈተልኝ። አንዳንድ ማታ ሲኞራ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙኛል። «እዚህ ጋ ትንፋሽ ውሰጂ» ይሉኛል። ትንፋሽ በወሰድኩበት ቦታ ትርጉሙ ይገባኛል። የድሮ ጽሑፍ የሚያስቸግረው ሰው ካለ ይህንን ይሞክር።

ቀጥሎ ያደከመኝ የቀን ነገር ነው። ፒየትሮ የሚጽፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። በዚያው ዘመን ፋርስ የነበሩት እንግሊዞች ደግሞ በዩልዮስ ነው የሚቆጥሩት፤ 10 ቀን ይለያያል። ፋርሶቹ በሂጅራ። በሁለት ዘመን አቆጣጠር ያደገ ሀበሻ ይህ ሊያስደነግጠው አይገባም ነበር፤ እኔ ግን ሳላስተውል የአንዱን ጦርነት ቀን ሁለት ቦታ ለያይቼ ጻፍኩት። በኋላ ደብተሬን ሦስት ዓምድ አሰመርኩና ሁሉንም ከመጀመሪያው ደለደልኩ። ይህን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማድረግ ነበረብኝ።

ሌላም ነገር ዘግይቶ ገባኝ። የደብዳቤዎቹ የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው በ1650፣ ፒየትሮ ከተመለሰ ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የምናነበው መንገድ ላይ የጻፈውን እንዳለ ሳይሆን ቤቱ ቁጭ ብሎ ያረመውን ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ «ሆነ» ከማለት ይልቅ «እሱ እንደሚለው» ማለት ለመድኩ።

የመጀመሪያው ረቂቅ 30 ገጽ ወጣው። ቁስጥንጥንያ ስላያት ቡና አለ። በ1621 ከጥንቷ የፋርስ ከተማ ከፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ የገለበጣቸው 5 የሽብልቅ ፊደላት (ሽብልቅ በሚመስሉ ጭረቶች የሚጻፍ የጥንት ጽሑፍ) አሉ፤ ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ሳይነበብ እንደማይቀር በመገመቱ አደነቅኩት። ስለ ፋርስ ድመቶች ሳይቀር ጻፍኩ። ለሲኞራ ወደ ጣልያንኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ ዝም አሉ። ከዚያ «የልጅቷ ቤተሰቦችስ የት ሄደች ብለው አልጠየቁም?» አሉኝ።

ልጅቷ ሚስቱ ማዓኒ ናት። ማርዲን ተወልዳ ባግዳድ ያደገች የምሥራቅ ክርስቲያን ነበረች። በ1616 ባግዳድ ተጋቡ። ፈረስ እየጋለበች እስከ ፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ ጦር ሰፈር ድረስ አብራው ሄዳለች። ወደ ሕንድ ለመሻገር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ፋርሶችና እንግሊዞች በሆርሙዝ ደሴት ላይ ከፖርቱጋሎች ጋር የገጠሙት ጦርነት መንገዱን ዘጋው። ነፍሰ ጡር ነበረች። ሚናብ በምትባል ቦታ ትኩሳት ያዛት፣ ጽንሱም ወረደ። በዲሴምበር 30 ቀን 1621 ሞተች። ፒየትሮ አስከሬኗን ካምፎር በሚባል ሽታው ኃይለኛ የዛፍ ውጤት አስደርቆ በሣጥን አደረገው። መርከበኞች ሬሳ አንጭንም እንዳይሉ በጓዙ መሀል ሸሸገው። ሕንድ ይዟት ሄደ። በረሃውን ይዟት አቋረጠ። ሮምም ይዟት ገባ።

ይህን ሁሉ በረቂቁ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ነበር ያለፍኩት። አፈርኩ። ምክንያቱም ሬሳ ማጓጓዝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ አንድ ሰው ሲሞትብን ሁላችንም እናዋጣለን። ወረቀቱን እንሯሯጣለን። እናቱ አፈር እንድታለብሰው ሀገር ቤት እንልከዋለን። ፒየትሮ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ከባግዳድ እያራቀ ወደ ራሱ ዘመዶች መቃብር አመጣት። እንደሚወዳት አልጠራጠርም። በ1627 ለቀብሯ ሥርዓት የስንብት ንግግር ሲያደርግ ዕንባ አቋርጦታል። ግን የሲኞራ ጥያቄ አሁንም አይለቀኝም።

ስለዚህ 30ውን ገጽ ወደ ጎን አድርጌ ከሚናብ እንደገና ጀመርኩ። ቡናዋ አንድ መስመር ሆነች። ድመቶቹ ወጡ። ቲናቲን የምትባለውን የጆርጂያ ወላጅ አልባ ልጅ አስገባኋት። ማዓኒ ያስጠጋቻት ልጅ ናት። ከሣጥኑ ጋር እስከ ሮም መጥታ በኋላ ፒየትሮ አገባትና 14 ልጆች ወለደችለት። እሷም ብትሆን የምትናገርበት ገጽ የላትም።

በስሟ አጻጻፍም ተጨንቄ ነበር። በጣልያንኛው «ማአኒ» ተብሎ ነው የሚነበበው። ሰፈራችን ውስጥ ሱቅ ያለውን ኢራቃዊ ጠየቅኩት። ከጉሮሮው አውጥቶ ጠራልኝና «ትርጉሞች ማለት ነው» አለኝ። የላቲን ፊደል ያንን ድምፅ የሚጽፍበት የለውም። እኛ ጋ ግን ዓይኑ ዓ አለች። ዛሬ ስናነበው ድምፁ ቢጠፋም ቦታው አልጠፋም።

ባለፈው እሑድ ሳንታ ማሪያ ኢን አራቼሊ ሄድኩ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ 124 ደረጃ ይወጣል። ዴላ ቫሌዎች ይቀበሩ የነበረው እዚያ ነው። ሻማ አበራሁ። ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ «ማዓኒ፣ ዘባግዳድ» ብዬ ጻፍኩና አጥፌ ከሻማው ሥር አስቀመጥኩት።