ናሱ ባይነሳስ? ባክአፔን ከመመለሻው ጀምሬ እንዴት እንዳዋቀርኩት

ባለ ሁለት ዲስክ ናስ (NAS፣ የቤቱ ኮምፒውተሮች በኔትዎርክ የሚጠቀሙበት የፋይል ማስቀመጫ ሣጥን) ከራውተር ጋር አገናኝቶ በሬይድ 1 ማዋቀር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያለው ይመስለዋል። ሬይድ ግን የሚያድነው ከዲስክ ብልሽት ብቻ ነው። በስህተት የተሰረዘ ፎልደር ከሁለቱም ላይ በአንዴ ይጠፋል፤ ኮምፒውተር ውስጥ የገባ ራንሰምዌርም (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ጎጂ ፕሮግራም) ከናሱ ጋር የተያያዘውን ፎልደር ሲቆልፍ ሁለቱንም ቅጂ ይቆልፋል። ስለዚህ አወቃቀሬን የጀመርኩት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ መሣሪያ ዛሬ ባይነሳ ፋይሎቹን ከየት፣ በስንት ሰዓት አወጣለሁ?

የተጠቀምኩት ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ያለው ናስ፣ ሁለት ባለ 8 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስ (UPS፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) እና ካት 5ኢ የኔትዎርክ ኬብል ነው። ኤክስተርናሎቹ ከናሱ የሚበልጡት የቆዩ የፋይል ቅጂዎችንም ስለሚይዙ ነው። ዲስክ ሲመረጥ አጻጻፉ ሲኤምአር (CMR፣ መረጃውን ሳይደርብ የሚጽፍ) መሆኑን መግለጫው ላይ አረጋግጡ። ኤስኤምአር (SMR) የሚባለው ዓይነት መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ ደርቦ ነው የሚጽፈው። በዘወትር ሥራ ልዩነቱ ላይታወቅ ይችላል፤ የሞተ ዲስክ ተቀይሮ አዲሱ ላይ ሁሉም ነገር እንደገና ሲጻፍ ግን ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። ሁለቱ ዲስኮች ከአንድ የምርት ዙር ባይሆኑም ይመረጣል፤ አብረው የተሠሩ ዲስኮች በተቀራራቢ ጊዜ ሊያረጁ ይችላሉ።

ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከናሱ ጋር መገናኘት አለበት። ያለዚያ መብራት ሲጠፋ የሚያደርገው ነገር ድንገተኛውን መዘጋት በጥቂት ደቂቃ ማዘግየት ብቻ ነው። የእኔው መብራት ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ተደርጓል።

ኬብሉን ችላ አትበሉት። ጊጋቢት ኔትዎርክ በተግባር በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያስተላልፋል፤ 4 ቴራባይት ለመመለስ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል ማለት ነው። ከኬብሉ 4 ጥንድ ሽቦዎች አንዱ ከተበጠሰ መሣሪያዎቹ ምንም ሳይናገሩ ወደ 100 ሜጋቢት ሊወርዱ ይችላሉ፤ ያው ሥራ ከ4 ቀን በላይ ይወስዳል። ይህን የናሱ የኔትዎርክ ገጽ ላይ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፋይሎቹ ትንንሽና ብዙ ከሆኑ ደግሞ ኬብሉ ጤነኛ ሆኖም ቢሆን ፍጥነቱ ከ110 በታች ነው የሚሆነው።

ቀጥሎ ስናፕሾት፣ ማለትም ፋይሎቹ በአንድ ቅጽበት የነበሩበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ። ናሱን በቢቲአርኤፍኤስ (Btrfs፣ ስናፕሾት ማንሳት የሚችል የፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ዘዴ) ፎርማት አድርጌ በየሌሊቱ ስናፕሾት እንዲያነሳ አዘዝኩት፤ 7 የዕለት፣ 4 የሳምንት፣ 12 የወር ቅጂ ይቆያል። በስህተት ለተሰረዘ ፋይል ይህ በደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። ትልቅ ፋይል ሰርዛችሁ ባዶው ቦታ ካልጨመረ አትደናገጡ፤ ፋይሉን የያዘው የመጨረሻው ስናፕሾት ጊዜው እስኪያልፍ ቦታው አይለቀቅም። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ናሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ከናሱ ውጭ የሚወጣውን ቅጂ አርሲንክ (rsync) የሚባል የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ይሠራዋል። በዚህ ፕሮግራም ስህተት መሥራት ቀላል ነው፤ እኔም ሦስቱን ካየሁ በኋላ ነው ትእዛዙን ያረምኩት። የመጀመሪያው የእዝባር ነገር ነው፦ በምንጩ አድራሻ መጨረሻ ላይ እዝባር (/) ካለች የፎልደሩ ይዘት፣ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ይገለበጣል፤ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ከተጻፈ ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ ይቀመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ምንጩ ላይ የሌለውን ከመድረሻው እንዲሰርዝ ታዝዞ ምንጩ በሆነ ምክንያት ባዶ ሆኖ ከታየው ባክአፑን በሙሉ ያጸዳዋል። ስለዚህ ምንጩ ውስጥ «አለሁ» የምትባል ባዶ ፋይል አስቀመጥኩ፤ አርሲንክን የሚያስነሳው ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) እሷን ካላገኘ ሥራ አይጀምርም። በአንድ ጊዜ መሰረዝ የሚችለውንም በ500 ፋይል ገደብኩት። ሦስተኛው፣ ኤክስተርናሉ ሳይያያዝ ስክሪፕቱ ከተነሳ ናሱ የራሱን ሲስተም ክፍል በፋይል ይሞላዋል፤ መከላከያው ያው ነው፣ መድረሻውም ላይ ምልክት ፋይል ይኑር።

ሁለቱ ኤክስተርናሎች በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ሲያያዝ ሌላው ተነቅሎ ሌላ ቤት ይቀመጣል። መነቀሉ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው ራንሰምዌር ለኢንተርኔት ክፍት የነበሩ ናሶችን በቀጥታ ነበር የቆለፈው። ራውተር ላይ ለናስ በር (ፖርት፣ ከኢንተርኔት ወደ ናሱ የሚያስገባ መንገድ) አለመክፈት አንዱ መፍትሔ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክን ግን ከሩቅ ሊቆልፍ የሚችል የለም።

የፋይል ስማቸውን በአማርኛ ለሚጽፉ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ የቤት ናሶች የሚሠሩበት የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ለአንድ ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) የፊደል አመዘጋገብ 3 ባይት ስለሚይዝ ገደቡ 85 ፊደል ይሆናል። ዊንዶውስ ግን በፊደል ቆጥሮ እስከ 255 ስለሚቀበል 100 ፊደል ያለው ርእስ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችግር ተቀምጦ ናሱ ላይ አይገለበጥም። በአንዳንድ ናሶች የተመሰጠረ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ገደቡ 143 ባይት፣ ማለትም 47 ፊደል ነው። ስማቸው ረዝሞ የተዘለሉ ፋይሎች የመገልበጫው ፕሮግራም ሪፖርት ውስጥ ብቻ ነው የሚገኙት፤ ሪፖርቱን አንብቡት።

በየወሩ 20 ፋይል በዘፈቀደ መርጬ ከኤክስተርናሉ ወደ ሌላ ኮምፒውተር እመልሳለሁ፤ ከዋናው ጋር በሻ 256 ድምር (SHA-256፣ ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) አወዳድራለሁ። መከፈቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ግማሽ ቦታው የተበላሸ ቪዲዮም ሊከፈት ይችላል።

ዲስክ ሲታመም ብዙ ጊዜ የስማርት (SMART፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግበው) ሠንጠረዡ ላይ 5፣ 197 እና 198 ቁጥር የተሰጣቸው መለኪያዎች መጨመር ይጀምራሉ። የሚጨምረው 199 ብቻ ከሆነ ግን ዲስኩን ከመጣል በፊት የዳታ ገመዱን ወይም መሰኪያውን ፈትሹ። መቀየር ግድ ሲሆን በቅድሚያ ባክአፑን አድሱ፤ ቀሪው ዲስክ ለብዙ ሰዓታት ያለማቋረጥ ስለሚነበብ እሱም የደከመ ከሆነ የሚወድቀው ያኔ ነው። ከዚያ የታመመውን ዲስክ ሲሪያል ቁጥር አመሳክራችሁ ንቀሉ። «ዲስክ 2» የሚለውን በግምት ቆጥሮ ጤነኛውን የሚነቅል ሰው ጥቂት አይደለም። ባለ 4 ቴራባይት ሬይድ 1 መልሶ ለመገንባት ከ7 እስከ 10 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ እየተጠቀማችሁበት ከሆነ ከዚያም ይበልጣል።

ሣጥኑ ሞቶ ዲስኮቹ ጤነኛ ከሆኑ ነገሩ ከሚያስፈራው ይቀልላል። ብዙ የቤት ናሶች ውስጣቸው ሊኑክስ ነው። አንዱን ዲስክ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ካለው ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ሬይዱን በኤምዲአድም (mdadm፣ የሊኑክስ የሬይድ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም)፣ ለንባብ ብቻ አድርጌ አነሳዋለሁ፤ ትልቁ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) ነው መረጃውን የያዘው፤ ኤልቪኤም (LVM፣ የዲስክ ቦታን የሚከፋፍል የሊኑክስ ሥርዓት) ካለበት እሱን ማንቃት ይጨመራል። ለሬይድ 1 አንድ ዲስክ ይበቃል፤ ቢያንስ ሦስት ዲስክ ለሚጠቀመው ሬይድ 5 ግን ቢበዛ አንድ ብቻ ነው ሊጎድል የሚችለው። ዊንዶውስ ላይ ከተሰካ «ዲስኩን ፎርማት ላድርግ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እምቢ ነው።

ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ በላዩ ላይ የጥገና ፕሮግራም አይነሳም። በዲዲሬስኪው (ddrescue፣ ከተበላሸ ዲስክ መረጃ የሚገለብጥ ፕሮግራም) እኩል ወይም የሚበልጥ መጠን ወዳለው ዲስክ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ መጥፎውን ቦታ እየዘለለ፣ ቀጥሎ በተዘለለው ላይ 3 ጊዜ እየሞከረ። የሂደት መዝገብ ፋይሉ ሦስተኛ ቦታ ላይ ይቀመጥ፤ ሥራው ቢቋረጥ ከቆመበት የሚቀጥለው በእሱ ነው። ጥገናው በቅጂው ላይ ይሠራል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ግን ወዲያው ኃይሉን አጥፉ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ የመዳን ዕድሉ ይቀንሳል።

ፋይሎቹ የተመሰጠሩ ከሆኑ ይህ ሁሉ የሚሠራው የምስጠራ ቁልፉ ከተገኘ ነው። ቁልፉን፣ የሬይዱን ዓይነት፣ የፋይል ሲስተሙን ስምና የየዲስኩን ሲሪያል አንድ ወረቀት ላይ አትሜ ሌላ ቤት ካለው ኤክስተርናል ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ዲስክ በተቀየረ ቁጥር ወረቀቱ እንደገና ይታተማል።